መብረቅ የመታው ንብረት ምስክር አለው

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ከደባርቅ አካባቢ የመጡ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ወደ ትምህርት ክፍላችን ብቅ ብለው ነበር። በእጃቸው ከአንድ የመድን ድርጅት የተጻፈ ደብዳቤ ይዘዋል። ደብዳቤው ባጭሩ፣ የወፍጮው ሞተር የተቃጠለው በመብረቅ ምክንያት መሆኑን የሚያረጋግጥ የባለሙያ ማስረጃ ካልቀረበ የካሳ ጥያቄው ተቀባይነት እንደማይኖረው ይገልጻል። ሰውየው መብረቁን በዓይናቸው አይተዋል፤ ነጎድጓዱን መንደሩ በሙሉ ሰምቷል፤ ሞተሩም በዚያችው ቅጽበት ጭሶ ቆሟል። «ዶክተር፣ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» አሉን።

የተቃጠለው ሞተር የት እንዳለ ጠየቅናቸው። «እሱንማ ጎንደር አምጥቼ በሳምንቱ አስጠቀለልሁት። ሰው እህሉን ተሸክሞ ሲመለስ እያየሁ እንዴት ልቀመጥ?» ከሞተሩ የወጣው አሮጌ መዳብስ? «በኪሎ ተሸጠ።»

ከዚህ በኋላ ልንጽፍላቸው የምንችለው ነገር አልነበረም። ምስክሩ ያ መዳብ ነበርና። ጉዳያቸው ከብዙ ምልልስ በኋላ በስምምነት ማለቁን፣ ያገኙት ገንዘብ ግን ከጠየቁት ከግማሽ በታች መሆኑን ኋላ ሰማን። እኛን እስከ ዛሬ የሚቆጨን ይህ ነው፤ መብረቅ ከሚያደርሰው ኪሳራ በላይ፣ መብረቁ ካለፈ በኋላ ማስረጃውን በገዛ እጃችን ጠርገን በመጣል የምናደርሰው ሁለተኛ ኪሳራ አለ። ሁለተኛው ደግሞ ሊቀር የሚችል ኪሳራ ነው።

ጎንደር ለመብረቅ እንግዳ አይደለችም። ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1707 በመብረቅ እንደጠፋ በታሪክ ይነገራል። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ በጣሪያው የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ለማየት አንገቱን የሚያቀናበት ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄደው መንገድም አብዛኛውን ጉዞ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ከሸንተረሩ ጋር ይገናኛል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የቆመ የቆርቆሮ ቤት፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም ብቸኛ ዛፍ ለመብረቅ የቅርብ መንገድ ይሆናል።

ሕዝባችን ይህን ሁሉ ሲያይ «የእግዜር ቁጣ ነው» ይላል። ከዚህ እምነት ጋር ክርክር የለንም። ነገር ግን ብዙ ሰው ይህን ከማለቱ የተነሳ፣ አረቦን የከፈለበት ውል በእጁ እያለ እንኳ የካሳ ጥያቄ ሳያቀርብ ይቀራል። አገራችን ውስጥ ይህ የመድን ዓይነት የሚሸጥበት ስም ግን «የእሳትና መብረቅ» መድን መሆኑን ልብ ይሏል። መብረቅ በውሉ ርዕስ ላይ ተጽፎ ሳለ ባለንብረቱ ውሉ የማይመለከተው ይመስለዋል።

ለመሆኑ መብረቅ ንብረትን የሚጎዳው እንዴት ነው? አንድ መካከለኛ መብረቅ 30,000 አምፒር ያህል ጅረት ይሸከማል፤ ይህም ጅረት ከዜሮ ተነስቶ ጫፉ ላይ የሚደርሰው በጥቂት ሚሊዮንኛ ሴኮንዶች ውስጥ ነው። የሚያልፍበት አየር 30,000 ዲግሪ ያህል ይግላል፤ ከፀሐይ ገጽታ በአምስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። በቀጥታ የተመታ ነገር ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የዛፍ ልጥ ተገሽልጦ ይገኛል፣ ግድግዳ ይቦረቦራል፣ ቆርቆሮ ይበሳል። አስቸጋሪው ቤቱ ሳይመታ ዕቃው ሲቃጠል ነው። አብዛኛው ክርክርም የሚነሳው በዚህ ላይ ነው።

ለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሚያውቀው የፋራዴይ ሕግ የተለየ ትምህርት አያስፈልግም። የአንድ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር በአንደኛው ጫፍ፣ የዲሹ ገመድ ደግሞ በሌላው ጫፍ ይገባል እንበል፤ ሁለቱም ቴሌቪዥኑ ዘንድ ይገናኛሉ። በመካከላቸው 10 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ተፈጠረ። ከቤቱ 100 ሜትር ርቆ የወደቀ መብረቅ ጅረቱ በአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ 10,000 አምፒር እየጨመረ ቢሄድ፣ በዚህ ቀለበት ውስጥ ወደ 1,000 ቮልት የሚጠጋ ግፊት ይፈጠራል። ተማሪዎቻችን ስሌቱን እንዲሞክሩት እንጋብዛለን። ቤቱ ላይ ጭረት የለም፤ ሪሲቨሩ ግን ሞቷል። ባለንብረቱ «መብረቅ መታኝ» ሲል የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ ጣሪያውን አይቶ «የት?» ቢለው ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ወደ ሞተሩ እንመለስ። ባለሦስት ፌዝ ሞተር ሲቃጠል የሚያሳየው መልክ እንደ መንስኤው ይለያያል፤ ጎንደር ውስጥ በጥቅለላ ሥራ የሚተዳደሩ ባለሙያዎችም ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ቆይቶ የነደደ ከሆነ ጥቅልሎቹ በሙሉ እኩል ጠቁረው ይገኛሉ። ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ጠፍቶበት በቀሩት ሲንገታገት የተቃጠለ ከሆነ ደግሞ፣ የተወሰኑት ጥቅልሎች ከስለው ሌሎቹ አዲስ እንደመሰሉ ይቀራሉ፤ ጥቁሩና ንጹሑ እየተፈራረቁ በዙሪያው ይታያሉ። በመስመሩ የገባ የመብረቅ ግፊት የጎዳው ሞተር ግን ከሁለቱም ይለያል። ግፊቱ እጅግ ፈጣን በመሆኑ በጥቅልሉ ርዝመት ሁሉ እኩል ለመከፋፈል ጊዜ አያገኝም፤ ሸክሙን የሚቀበሉት ወደ መስመሩ የሚቀርቡት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው ጥቅልል ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ በመግቢያው ላይ ቫርኒሹ የተበሳባት፣ መዳቡም የስንዴ ቅንጣት ያህል የቀለጠባት አንዲት ነጥብ ትገኛለች። ኃይሉ ቶሎ ካልተቋረጠ መደበኛው ጅረት ተከትሎ ገብቶ ነጥቧን ሊያሰፋት እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ያችን ነጥብ ማግኘት ብቻውን በቂ ነው አንልም። ትልልቅ ማብሪያዎች ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚፈጠር ግፊትም ተመሳሳይ ጠባሳ ሊተው ይችላል። በመሆኑም የሞተሩን ምስክርነት የሚደግፍ ሌላ ይፈለጋል። በትራንስፎርመሩ ራስ ላይ ያለው የመብረቅ መከላከያ ፈንድቷል ወይ? የጎረቤት ቆጣሪዎች ተቃጥለዋል ወይ? በስታብላይዘሩ ውስጥ ያለችው ክብ መከላከያ ተሰነጣጥቃለች ወይ? አንድ ተጨማሪ ዘዴ ደግሞ ማንኛውም ትምህርት ቤት ባለው ኮምፓስ የሚሠራ ነው። ኃይለኛ ጅረት በአጠገቡ ያለፈ ብረት መግነጢስ ሆኖ ይቀራል፤ ከሚስማር ወይም ከብረት ምሰሶ አጠገብ የኮምፓሱ መርፌ ያለ ልማዱ ከዞረ አንድ ነገር ይነግረናል። የድንጋይን ጥንታዊ መግነጢስ የሚያጠኑ ጂኦሎጂስቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ እንደ ስሜን ባሉ ከፍተኛ የባዛልት ሸንተረሮች ላይ ናሙና ሲቆርጡ መብረቅ የመታውን ድንጋይ መርፌያቸው ስትቀባዥር አይተው ያልፉታል።

እዚህ ላይ የማይመች ነገር መናገር አለብን። ከባለ ወፍጮው ጉዳይ በኋላ ወሬው ተሰምቶ ሌላ ሰው የተቃጠለ ሞተር ሳይነካካ እንዳለ አምጥቶልን ነበር፤ ያመጣውም የሥራ ባልደረባችን ዘመድ ነው። ሞተሩን ከፈትነው፤ ጥቁርና ንጹሕ፣ ጥቁርና ንጹሕ። አንድ ፌዝ ጠፍቶበት የተቃጠለ መሆኑን ያየነውን ጻፍን። ባልደረባችን ለጥቂት ጊዜ አኩርፎን ነበር፤ አሁን ደኅና ነን። ሰውየው ኪሳራው እውነተኛ ነው፤ የሚያሳዝንም ነው። ነገር ግን አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ለዝምድና ብሎ አንድ ጊዜ «በመብረቅ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ከዚያ በኋላ ለእውነተኛው ተጎጂ የሚጽፈው ማስረጃ ከወረቀቱ ዋጋ አይበልጥም። የመድን ድርጅቶች ደብዳቤያችንን በጥርጣሬ ቢያዩት ከእነርሱ ይልቅ ራሳችንን መውቀስ የሚገባን በዚህ ምክንያት ነው።

ከደጋው ወርደን ወደ ጎርጎራ ብንሄድ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በጣና ላይ ከደንገል ታንኳው ጎን ለጎን ሰውና ጎብኚ የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች ይሠራሉ፤ ከእነዚህም የፋይበር ግላስ የሆኑት በርካታ ናቸው። በተንጣለለ ውሃ ላይ ከፍ ያለው ነገር ጀልባው ነው። በውጭ አገር ባለ ሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች፣ ረጅም ምሰሶ ስለሚያቆሙ፣ ከመድን ድርጅቶች ጋር በመብረቅ ጉዳይ ሲነታረኩ ኖረዋል፤ ከእነርሱ ልምድ የምንማረው አለ። ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ምክር ከምሰሶው የሚወርደውን ሽቦ በውሃ ውስጥ ካለች አንድ ካሬ ጫማ የምታህል የብረት ሳህን ጋር ማገናኘት ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ኢዋን ቶምሰን ባወጣው ጥናት ያች ሳህን ጨው ለሌለው ውሃ እንደማትበቃ አሳየ።

ምክንያቱን ራሳችን ማስላት እንችላለን። የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ የዚያች ሳህን ከባሕር ጋር ያላት ተቃውሞ 0.3 ኦም ገደማ ነው። እንደ ጣና ያለ ጨው የሌለው ውሃ ግን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ የባሰ አስተላላፊ በመሆኑ ያችው ሳህን 100 ኦም ያህል ትቃወማለች። በ30,000 አምፒር ሲባዛ በባሕር 9,000 ቮልት፣ በጣና 3 ሚሊዮን ቮልት ይወጣል። በተግባር ውሃው ራሱ ብልጭታ እየፈጠረ ስለሚበሳ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም ጅረቱ በሳህኗ በኩል ብቻ መውጣት አይበቃውም። በሞተሩ፣ በመሪው ገመድ፣ በጀልባው ጎን እየዘለለ ያገኘውን መንገድ ይወስዳል።

ስለሆነም መብረቅ የመታውን ጀልባ የሚገመግም ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት የተቃጠለውን ሬዲዮ ሳይሆን ከውሃው በታች ያለውን የጀልባውን ሆድ ነው። ጅረቱ ሲወጣ እንደ እርሳስ ጫፍ የቀጠኑ ቀዳዳዎችን ሊተው ይችላል፤ ጀልባው በዕለቱ ደህና መስሎ አድሮ በሁለተኛው ቀን ውሃ ሞልቶት ይገኛል። ወደ ደረቅ ሳይወጣ «ደህና ነው» ተብሎ ሰው የተጫነበት ጀልባ የካሳ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። ሆዱን የሚሻገሩ ብረቶች፣ ቧንቧዎችና የሞተሩ ዘንግ ዙሪያ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ሽቦዎቹም ላያቸው ደህና ቢመስልም ይፈተሻሉ። ኮምፓስ ካለው፣ ከሌላ ኮምፓስ ጋር ይነጻጸር።

የውሉን ነገር ባጭሩ እናንሳ፤ እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም፤ ሆኖም ጉዳዩ በእጃችን ስላለፈ አንብበናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ሲታወጅ ሳይሻር ቀጥሏል። በዚህ ሕግ መሠረት መድን ገቢው ጉዳት መድረሱን እንዳወቀ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይም በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት። ከውሉ የሚመነጭ ክስ ደግሞ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ካሳውም ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም፤ 15 ዓመት የሠራ ሞተር በአዲስ ሞተር ዋጋ ይከፈለኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቅር መሰኘቱ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ ግን አንባቢ ውሉን ከመፈረሙ በፊት እንዲፈልገው የምንመክረው አንድ አንቀጽ አለ። በብዙ አገሮች በሚሠራባቸው የእሳት መድን ውሎች ውስጥ፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በራሱ ውስጥ በተፈጠረ ብልጭታ፣ ከመጠን ባለፈ ግፊት ወይም በሽቦ መገናኘት ቢጎዳ፣ መንስኤው መብረቅ ቢሆንም እንኳ፣ መሣሪያው ራሱ አይካስም የሚል ሐረግ ይገኛል። ከመሣሪያው ተነስቶ ቤቱን ያቃጠለው እሳት ይካሳል፤ ሞተሩ ግን አይካስም። ይህ ሐረግ በውሉ ካለ ባለ ወፍጮ የሚያስፈልገው ተጨማሪ የማሽነሪ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መድን ነው። ከመፈረም በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ «መብረቁ በመስመሩ መጥቶ ሞተሬን ብቻ ቢያቃጥልስ?» መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ውል የሌለው ገበሬስ? በጃናሞራ ወይም በወገራ ሜዳ ላይ በሬዎቹ ከዛፍ ሥር ተጠግተው ሳለ መብረቅ ዛፉን ሲመታ ምን እንደሚሆን ፊዚክስ ይነግረናል። ጅረቱ በመሬት ውስጥ ሲበተን ከዛፉ እየራቁ በሄዱ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል። በመካከለኛ አፈር ላይ፣ ከዛፉ 20 ሜትር ርቆ በቆመ በሬ የፊትና የኋላ እግሮች መካከል፣ ርቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን፣ ወደ 8,000 ቮልት ያህል ልዩነት ይፈጠራል፤ በዚያው ቦታ ሁለት እግሩን ግማሽ ሜትር ያራራቀ ሰው ላይ ግን 3,000 ቮልት ያህል ነው። የበሬው ልብ ደግሞ ከፊትና ከኋላ እግሮቹ መካከል፣ በጅረቱ መንገድ ላይ ነው። እረኛው ተርፎ መንጋው የሚያልቀው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው። ገደል የሰበረው በሬ ታርዶ፣ ሥጋው ለጎረቤት በቅርጫ ተከፋፍሎ፣ ገበሬው የዋጋውን ከፊል ያገኛል። መብረቅ የገደለው በሬ ግን በክት ነው፤ አይበላም፣ አይሸጥም። ኪሳራው ሙሉ ነው። በዚህ ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ እርሻ ባለበት በክረምቱ ወቅት ነው። ከዘመድና ከእድር በቀር የሚደርስለት የለም፤ ለከብት መድን ማሰብ የሚፈልግ ድርጅት ቢኖር እንኳ፣ በየወረዳው በዓመት ስንት ከብት በመብረቅ እንደሚሞት መዝገብ ከሌለ አረቦኑን በምን ያሰላዋል?

መዝገብ ያልነው ቀላል ነገር ነው። የዘመኑ መሣሪያ እያገዘን ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመጠቀው የአውሮፓ የሚቲዎሮሎጂ ሳተላይት አፍሪካን ጨምሮ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ምስል እያነሳ መብረቅን ይከታተላል። ይሁን እንጂ ሳተላይቱ የሚለየው በኪሎሜትሮች ስፋት ነው። በዚያ ሰዓት በደባርቅ ላይ መብረቅ እንደነበረ ይመሰክራል፤ የእገሌን ወፍጮ ቤት መምታቱን አይመሰክርም። ክፍተቱን የሚሞላው በቦታው ያለ ሰው ነው። ሰዓት አጻጻፍም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ባለንብረቱ «9 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፤ ገማቹ ጠዋት አድርጎ ያነበዋል፤ የሳተላይቱ ሰነድ ደግሞ በግሪንዊች አቆጣጠር 12 ሰዓት ይላል። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው፤ በወረቀት ላይ ግን የሚቃረኑ ይመስላሉ። «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ» ብሎ መጻፍ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

በእኛ እምነት በደጋ አገር የተቋቋሙ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ይህን ሥራ ለሌላ መተው የለባቸውም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን የሚሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ይመጡብናል። የአንድ ወረዳ የመብረቅ ጉዳት መዝገብ፣ የደጋው አፈር የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ልኬት፣ ከጥቅለላ ቤቶች የሚሰበሰቡ የተቃጠሉ ሞተሮች ምድብ፣ እነዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ የማይጠይቁ፣ ውጤታቸውም ለሕዝብ የሚተርፍ ናቸው። እኛ ራሳችን በውጭ አገር ስንማር ዓመታት ያሳለፍነው ከዚህ እጅግ በራቀ ጉዳይ ላይ ነበር፤ ተመልሰን የመጀመሪያውን የተቃጠለ ሞተር ስንከፍት የምናየውን ያስተማሩን የዲግሪ ወረቀት የሌላቸው የጎንደር ጠቅላዮች ናቸው።

ለጊዜው በትምህርት ክፍላችን ላቦራቶሪ አንድ ደብተር ከፍተናል። ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችሁ የምትሄዱ ተማሪዎች፣ በአካባቢያችሁ መብረቅ ጉዳት ካደረሰ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተጎዳውን ነገርና ከመሬት መስመሩ እስከ ጣሪያው ያያችሁትን ምልክት መዝግባችሁ አምጡልን። ፎቶግራፍ ከተነሳ ከአንድ ሜትር ርቀትና ከቅርብ፣ በአጠገቡ ሳንቲም ወይም እርሳስ ተደርጎ ይሁን። የተቃጠለ ሞተር ያለው ጎረቤት ካላችሁም፣ ማስጠቀሉን ባትከለክሉት እንኳ፣ የወጣውን መዳብ ለሁለት ሳምንት በጆንያ አድርጎ ከአልጋው ሥር እንዲያቆየው ንገሩልን።